ረጅም ሰዓት የሚሠራ ኢንሱሊን፦ በጅማና በዙሪያዋ ያሉ ታካሚዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ለስኳር ሕመማቸው ረጅም ሰዓት የሚሠራ ኢንሱሊን የታዘዘላቸው የጅማ ከተማና የዙሪያዋ ወረዳዎች ነዋሪዎች በብዛት የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ የተጻፉት ለአዋቂዎች ነው፤ የልጆችና የነፍሰ ጡሮች አወሳሰድ የሚለይበት ነገር ስላለ ከሚከታተላቸው ሐኪም ጋር ብቻ ይወሰናል። የመርፌው መጠንም ለእያንዳንዱ ሰው ተለክቶ የሚሰጥ እንጂ ከጎረቤት የሚቀዳ አይደለም።

ረጅም ሰዓት የሚሠራው ኢንሱሊን ሥራው ምንድን ነው?

ጤነኛ ቆሽት ኢንሱሊን የሚያመነጨው ሰው ሲበላ ብቻ አይደለም። ጉበት ሌሊቱን ሙሉና በምግብና በምግብ መካከል ስኳር ወደ ደም ስለሚለቅ፣ ቆሽት ያንን በልኩ የሚይዝ ጥቂት ኢንሱሊን ሳያቋርጥ ያመነጫል። ረጅም ሰዓት የሚሠራው መርፌ የሚተካው ይህንን ጥቂቱንና የማያቋርጠውን ነው። በምሳ የተበላውን እንጀራ ለማውረድ አልተሠራም፤ የምግቡን ስኳር የሚይዘው ከምግብ በፊት የሚወጋው ፈጣን ኢንሱሊን፣ ወይም በዓይነት 2 የስኳር ሕመም (ቆሽት ኢንሱሊን እያመነጨ በማይበቃበት) ላይ ክኒኑና ገና ያልደከመው የቆሽት ጉልበት ነው። ስለዚህ የዚህ መርፌ ውጤት የሚመዘነው ጠዋት ቁርስ ሳይቀመስ በሚታየው ቁጥር ነው። ከምሳ በኋላ 250 አይቶ የማታውን መርፌ በራሱ የሚጨምር ሰው የቀኑን ችግር በሌሊቱ መድኃኒት ሊፈታ እየሞከረ ነው፤ የሚያገኘውም ሌሊት ላይ የስኳር መውረድ ነው።

ኢንሱሊን ከተጀመረ በሽታው መጨረሻው ላይ ደርሷል ይባላል፤ እውነት ነው?

አይደለም፤ ነገር ግን ወሬው ከየት እንደመጣ መረዳት አያዳግትም። ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ያለባቸው ብዙ ሰዎች መርፌውን ለዓመታት ሲሸሹ ቆይተው፣ ዓይናቸው ወይም ኩላሊታቸው ከተጎዳ በኋላ ይጀምሩታል፤ ጉዳቱን ያየ ዘመድም መርፌውን ይወቅሳል። ዓይንን የሚያጨልመውና እግርን የሚያደነዝዘው ግን ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየው ስኳር ነው። በዓይነት 2 ቆሽት በጊዜ ብዛት እየደከመ ስለሚሄድ፣ ክኒን አልበቃ ማለቱ የታካሚው ጥፋት ተደርጎ መቆጠር የለበትም። በዓይነት 1 (ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨት ባቆመበት) ደግሞ ምርጫ የለም፦ እ.ኤ.አ. በ1922 ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለታካሚ ከመሰጠቱ በፊት በሽታው የያዘው ልጅ ብዙ ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በላይ አይቆይም ነበር።

ወሬውን የሚያጠናክር አንድ ነገር አለ። ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር በኢንሱሊን ሲወርድ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዕይታ ሊደበዝዝ ይችላል። ይህ ብዙውን ጊዜ የዓይን ሌንስ ከአዲሱ የስኳር መጠን ጋር እስኪለማመድ የሚቆይ ነው፤ በዚያ መካከል መነጽር ለመግዛት አለመቸኮል ይሻላል። ሆኖም ኢንሱሊን የጀመረ ሰው ሁሉ የዓይን ምርመራ ማድረግ አለበት፤ ቀድሞ የተጎዳ የዓይን የውስጥ ክፍል ካለ ክትትል ያስፈልገዋልና።

ደፍራሹ ኢንሱሊንና ኩልል ያለው አንድ ናቸው?

አንድ አይደሉም፤ በዚህ ርዕስ ላይ ትልቁ ግራ መጋባትም እዚህ ላይ ነው። በመንግሥት የጤና ተቋማት በብዛት የሚገኘው ደፍራሹ ኤንፒኤች ነው። ይህ ኢንሱሊን ከዓሣ ከሚገኝ ፕሮታሚን ከተባለ ፕሮቲን ጋር ተዋሕዶ በዴንማርክ የተሠራና እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ በገበያ ላይ የዋለ ነው። ከተወጋ በኋላ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ መሥራት ይጀምራል፤ ከ4ኛው እስከ 10ኛው ሰዓት ድረስ ጉልበቱ ይበረታል፤ ከዚያ እየደከመ ከ10 እስከ 16 ሰዓት ገደማ ይቆያል። ስለዚህ በሐኪሞች አከፋፈል መካከለኛ ነው፤ ብዙ ሰው ጠዋትና ማታ የሚወጋውም በዚህ ምክንያት ነው። ግላርጂን ግን ኩልል ያለ ነው። በብልቃጡ ውስጥ አሲድነት ያለው ሲሆን ከቆዳ ሥር ሲገባ አሲድነቱ ስለሚጠፋ ወደ ጥቃቅን ቅንጣቶች ይለወጣል፤ ቅንጣቶቹም ቀስ እያሉ እየሟሙ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ያለ ጉልህ ከፍታ ይሠራሉ። በዚሁ ባሕርዩ የተነሳ ከሌላ ኢንሱሊን ጋር በአንድ ስሪንጅ ፈጽሞ አይቀላቀልም። ዴግሉዴክ የተባለው አዲሱ ዓይነት ከ42 ሰዓት በላይ ይቆያል።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? ግላርጂን ሌሊት የሚደርሰውን የስኳር መውረድ ይቀንሳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 ረጅም ሰዓት የሚሠሩትን አዳዲስ ኢንሱሊኖች በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አካቷል። ነገር ግን በዓይነት 2 ታካሚዎች ላይ የሦስት ወር አማካይ ስኳርን በማውረድ ረገድ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። ወሩን ሙሉ በሥርዓት የሚወሰድ ኤንፒኤች፣ ገንዘብ በተገኘ ጊዜ ብቻ ከሚገዛና ግማሽ ወር ከሚቋረጥ ግላርጂን ይበልጣል። ቤተሰቡን ለብድር የሚዳርግ ግዢ ከመወሰንዎ በፊት ይህን ያስቡበት፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑም የትኛው ኢንሱሊን እንደሚሸፈንልዎት አስቀድመው ይጠይቁ።

ከአንዱ ወደ ሌላው ሲቀየር መጠኑ እንዳለ አይዛወርም። ኤንፒኤች በቀን ሁለት ጊዜ ይወስድ የነበረ ሰው ወደ ግላርጂን ሲሻገር የቀኑ ድምር አብዛኛውን ጊዜ በ20 በመቶ ይቀነሳል፤ ለምሳሌ በድምሩ 30 ዩኒት የነበረው በ24 ይጀምራል። መድኃኒት ቤቱ «ያ አልቋል፣ ይኸኛውም ያው ነው» ቢልዎት ከመውጋትዎ በፊት ወደ ክትትል ክፍሉ ይመለሱ።

በስንት ሰዓት ልውሰደው?

ግላርጂን ከሆነ ዋናው ነገር ሰዓቱ በየቀኑ አንድ መሆኑ ነው፤ ጠዋትም ሆነ ማታ ይቻላል። ኤንፒኤች ላይ ግን ሰዓቱ ራሱ የሕክምናው ክፍል ነው። ማታ 12 ሰዓት የተወጋ ኤንፒኤች ጉልበቱ የሚበረታው ከማታ 4 እስከ ሌሊት 10 ሰዓት፣ ማለትም ሰው ተኝቶ ሆዱ ባዶ በሆነበት ጊዜ ነው፤ ንጋት ላይ ጉበት ስኳር መልቀቅ ሲያበዛ ደግሞ መድኃኒቱ ደክሟል። በዚህ ምክንያት ሌሊት የሚወርድበትና ጠዋት ከፍ ብሎ የሚነሳ ታካሚ የማታውን መርፌ ከእራት ሰዓት ወደ መኝታ፣ ወደ ማታ 4 ሰዓት ገደማ እንዲያዛውር ሐኪሙ ሊያዘው ይችላል። መጠኑ ሳይነካ በሰዓቱ ለውጥ ብቻ ብዙ ነገር ይስተካከላል።

አንድ ቀላል የሚመስል ጥንቃቄም ልጨምር። የስኳር መለኪያ መሣሪያዎችና በማሸጊያው ውስጥ ያሉት መመሪያዎች በፈረንጆች አቆጣጠር ይሠራሉ፤ በእነሱ 21፡00 ማለት በእኛ ማታ 3 ሰዓት ነው። በወረቀት ላይ «9 ሰዓት» ተብሎ ብቻ ከተጻፈልዎት ጠዋት፣ ከሰዓት ወይም ማታ የሚለው ቃል እንዲጨመርበት ይጠይቁ።

የጠዋቱ ስኳሬ አልወርድ ብሏል፤ መጠኑን ልጨምር?

ለአብዛኞቹ ነፍሰ ጡር ያልሆኑ አዋቂዎች ቁርስ ሳይበላ የሚፈለገው ከ80 እስከ 130 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፤ ለአረጋውያንና ኩላሊታቸው ለደከመ ሐኪሙ ሰፋ ያለ ግብ ይሰጣል። በዓይነት 2 ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በቀን በ10 ዩኒት፣ ወይም በኪሎ ግራም ከ0.1 እስከ 0.2 ዩኒት ሲሆን፣ ግቡ እስኪደረስ በየ3 ቀኑ 2 ዩኒት መጨመር የተለመደ አካሄድ ነው። ይህን ራስዎ እንዲያደርጉ የተጻፈ ዕቅድ ከተሰጠዎት ያድርጉት፤ ካልተሰጠዎት በሚቀጥለው ቀጠሮ ይጠይቁ። የሦስት ቀን የጠዋት ቁጥር በደብተር ይዞ የሚመጣ ታካሚ ሐኪሙን በእጅጉ ይረዳል። የስኳር መለኪያው ስትሪፕ ውድ ስለሆነ፣ ካለዎት ጥቂት ውስጥ አብዛኛውን ለጠዋቱ ማዋል ደስ ባለ ሰዓት ከመለካት የበለጠ ይጠቅማል።

ከመጨመር በፊት ግን አንድ ሌሊት ከእንቅልፍ ተነስቶ 9 ሰዓት ላይ መለካት ይገባል። ሌሊቱ ዝቅ ያለ ከሆነ መጨመር አደጋ ነው። መጠኑ በኪሎ ግራም ከ0.5 ዩኒት ካለፈ (60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ30 ዩኒት በላይ ማለት ነው)፣ ጠዋቱ ጥሩ ሆኖ የሦስት ወሩ አማካይ ካልወረደ፣ ወይም ከመኝታ እስከ ጠዋት ስኳሩ ከ50 ነጥብ በላይ የሚቀንስ ከሆነ ችግሩ ያለው ምግቡ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ይህንኑ መርፌ መቆለል አይጠቅምም፤ ሌላ መድኃኒት ሊጨመር ይገባል።

ስኳሬ ሲወርድ ምን ላድርግ?

ከ70 በታች ስኳር ወርዷል ይባላል። ላብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ድንገተኛ ረሃብና መነጫነጭ ምልክቶቹ ናቸው፤ ሌሊት ከሆነ ቅዠት፣ በላብ የራሰ አንሶላና ጠዋት ራስ ምታት ይታያል። ወዲያውኑ 15 ግራም ያህል ፈጥኖ የሚሠራ ስኳር ይውሰዱ፦ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ፣ ወይም የ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ግማሹን (ስኳር አልባው አይሠራም)፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ፤ ካልተነሳ ይድገሙት። ከተነሳ በኋላ ዳቦ ወይም ሌላ ምግብ መብላት የግድ ነው፤ ምክንያቱም ረጅም ሰዓት የሚሠራው መርፌ ገና በሥራ ላይ ነው፤ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል።

ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይጨመርም፤ በጎኑ አስተኝቶ ወደ ቅርብ ሆስፒታል ማድረስ ነው። በተለይ ጠጅና አረቄ ጉበት ስኳር እንዳይለቅ ስለሚያግዱ፣ ማታ ጠጥቶና ሳይበላ ተኝቶ መርፌ የወሰደ ሰው አደጋው ከፍተኛ ነው፤ ቤተሰቡም «ሰክሮ ነው» ብሎ እንዳይተወው ማወቅ አለበት።

ቡና፣ ጫትና የቡና ለቀማ ወቅትስ?

ቡናው ራሱ ብዙም አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ስኳሩ ነው። በአቦል፣ በቶናና በበረካ በእያንዳንዱ ሲኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢጨመር ከአንድ ቁጭታ 24 ግራም ያህል ስኳር ይገባል፤ ይህን ረጅም ሰዓት የሚሠራው ኢንሱሊን አይዘውም። በጅማ ቡና በጨው የሚጠጣ ሰው አለ፤ የደም ግፊት ከሌለብዎት ከስኳሩ ይሻላል፣ ባዶውን መልመድ ግን ከሁለቱም ይበልጣል።

ጫት ረሃብን ስለሚያጠፋ ምሳ ይዘለላል፤ ጠዋት የተወጋው ኤንፒኤች ግን የሚበረታው ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ነው። በዚያ ላይ ጫቱ ራሱ ልብን ስለሚያስመታና ላብ ስለሚያመጣ የስኳር መውረድን ምልክት ይሸፍናል፤ አብሮት የሚጠጣው ለስላሳ ደግሞ ቁጥሩን ወደ ሌላኛው ጫፍ ይወስደዋል። ምክሩ መተው ነው። ያልተወ ሰው ቢያንስ ምሳውን በልቶ ይቀመጥ፣ የማታውን መርፌ ሰዓትም በስልኩ ደወል ያስይዝ።

ከጥቅምት ጀምሮ ባለው የለቀማ ወቅት ከአጋሮ እስከ ሊሙ ቀኑን ሙሉ በእግሩ የሚውል ሰው ኢንሱሊን የሚፈልገው መጠን ይቀንሳል፤ ውጤቱም በዚያው ሌሊት ጭምር ሊታይ ይችላል። ወቅቱ ከመግባቱ በፊት መጠኑን ለመቀነስ ከክትትል ክፍሉ ጋር ይነጋገሩ፤ ኪስዎ ውስጥም ሁልጊዜ ስኳር ወይም ከረሜላ ይኑር።

በረመዳን ወይም በኦርቶዶክስ ጾም ወቅት መጾም እችላለሁ?

ዓይነት 1 ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ኩላሊታቸው የደከመ፣ እንዲሁም ባለፉት 3 ወራት ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን የሳቱ ሰዎች እንዳይጾሙ ይመከራል፤ ሃይማኖቱም ለታመመ ሰው ፈቃድ ሰጥቷል። ሌሎች ለመጾም ካሰቡ ረመዳን ከመግባቱ 6 ወይም 8 ሳምንት ቀደም ብለው ሐኪማቸውን ያማክሩ። የተለመደው አካሄድ እንዲህ ነው፦ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደው ኢንሱሊን ወደ ኢፍጣር ሰዓት ይዛወራል፣ መጠኑም ከ15 እስከ 30 በመቶ ይቀነሳል። ኤንፒኤች ሁለት ጊዜ የሚወስድ ሰው የጠዋቱን መጠን በኢፍጣር፣ የማታውን ግማሽ ደግሞ በሱሑር ይወስዳል። ጣትን ወግቶ ስኳር መለካት ጾም አያፈርስም። ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ከታየ ግን በዚያው ሰዓት መፈሰክ ያስፈልጋል፤ ማግሪብ ቀርቧል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

የኦርቶዶክስ ጾም ላይ የሚደርሰው ችግር ብዙም አይነገርለትም። ጠዋት 1 ሰዓት ኤንፒኤች ወግቶ እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ የሚቆይ ሰው፣ መድኃኒቱ የሚበረታበትን ከ5 እስከ 11 ሰዓት ያለውን ጊዜ አብዛኛውን በባዶ ሆድ ያሳልፈዋል። ስለዚህ ሰዓቱን ለሚጾም ሰው የጠዋቱ መርፌ ሳይስተካከል መጾም አይቻልም። ከንስሐ አባት ጋር ተነጋግሮ ሰዓቱን ትቶ ከፍስክ ምግብ ብቻ መታቀብ ለብዙዎች የሚሠራ መፍትሔ ነው።

ታምሜ ምግብ ካልበላሁ መርፌውን ልተወው?

አይተዉት። ወባ ወይም ሌላ ትኩሳት ሲይዝ ሰውነት ራሱ ስኳር ስለሚያመርት፣ ሳይበሉም ቁጥሩ ሊወጣ ይችላል። በተለይ ዓይነት 1 ያለበት ሰው ረጅም ሰዓት የሚሠራውን መርፌ ካቋረጠ በሰዓታት ውስጥ ኬቶን (ሰውነት በስኳር ፋንታ ስብ ሲያቃጥል የሚፈጠር ነገር) ደሙን አሲዳማ ማድረግ ይጀምራል። ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም፣ በጥልቀትና በፍጥነት መተንፈስ ወይም መፍዘዝ ከታየ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም ወደሚቀርብዎት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ጸበል የሚሄድ ሰውም መርፌውን ይዞ ይሂድ፤ ጸበሉና መርፌው አይጣሉም። ሽፈራው፣ አብሽና ጥቁር አዝሙድም እንዲሁ ኢንሱሊንን አይተኩም።

ፍሪጅ የለኝም፤ መብራትም ይጠፋል። እንዴት ላስቀምጠው?

ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣል፤ በረዶ ከሠራ ይጣላል፣ ስለዚህ ከማቀዝቀዣው በረዶ ክፍል ይራቅ። የተከፈተው ግን ከ30 ዲግሪ በማያልፍ ጥላ ቦታ ሊቆይ ይችላል፤ ግላርጂን ለ28 ቀን፣ ኤንፒኤች እንደ አምራቹ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለችው ጅማ በዚህ ረገድ ምቹ ናት፤ ከፀሐይና ከምድጃ የራቀ ጥግ ለተከፈተ ብልቃጥ ብዙ ጊዜ ይበቃል። በበጋ ውሃ የሚመጥ የሸክላ ዕቃም ይረዳል፤ ክረምት ላይ አየሩ እርጥብ ስለሚሆን የሸክላው ማቀዝቀዝ ይቀንሳል።

የተከፈተበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ይጻፉ። አንድ የ10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ 1,000 ዩኒት ይይዛል፤ በቀን 20 ዩኒት የሚወስድ ሰው እስኪያልቅ ቢጠብቅ 50 ቀን ይሆነዋል፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ጉልበቱ የቀነሰ መድኃኒት እየወጋ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ኢንሱሊኑን በእጅ ሻንጣ ይያዙ፤ የጊቤን በረሃ ሲያቋርጡ የአውቶቡሱ ዕቃ መጫኛ ምን ያህል እንደሚግል ያውቁታል።

ስወጋ የምጠነቀቀው ምንድን ነው?

ደፍራሹን ብልቃጥ በመዳፎችዎ መካከል ቢያንስ 10 ጊዜ ያንከባልሉት እንጂ አይናጡት፤ የማይሟሟ ጓል ከታየበት ይጣል። ግላርጂን ደግሞ ከደፈረሰ ተበላሽቷል። ስሪንጁ 100 ዩኒት በሚሊ ሊትር የሚል መሆኑን ያረጋግጡ፤ የ40 ዩኒት ስሪንጅ በስህተት ቢጠቀሙ ሁለት ተኩል እጥፍ ይወስዳሉ። ሆድ ላይ ከእምብርት ሁለት ጣት ርቀው፣ ወይም በታፋ ውጫዊ ጎን ይውጉ፤ በየቀኑም ቦታውን ቢያንስ አንድ ጣት ያዛውሩ። ሁልጊዜ አንድ ቦታ መውጋት ብዙም ስለማያም ብዙ ሰው ይመርጠዋል፤ ነገር ግን ቦታው እያበጠ ጓል ይሠራል፤ ከጓሉ ውስጥ መድኃኒቱ አንድ ቀን ይገባል አንድ ቀን አይገባም። ከእብጠቱ ወደ ጤነኛ ቆዳ ሲዛወሩ ግን ያው መጠን ሊበረታ ስለሚችል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስኳርዎን ደጋግመው ይለኩ።

መርፌ ብረሳስ?

ግላርጂን ከሆነና በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ካስታወሱ ይውሰዱት። የሚቀጥለው ሰዓት ከቀረበ መቼም ሁለቱን አንድ ላይ አይውሰዱ። የማታ ኤንፒኤች ረስተው ጠዋት ካስታወሱ የጠዋቱን ብቻ በመጠኑ ወስደው ስኳርዎን በቀኑ ደጋግመው ይለኩ። መውሰድዎን እርግጠኛ ካልሆኑም እንዳልወሰዱ ቆጥረው አይድገሙት።

ያገለገለውን መርፌ የት ልጣል?

በወፍራም የበረኪና ዕቃ ውስጥ ከክዳኑ ጋር ያጠራቅሙና ሲሞላ ለጤና ጣቢያ ያስረክቡ። ለስላሳው የውሃ ፕላስቲክ ይበሳል። መርፌ ለሌላ ሰው፣ ለትዳር ጓደኛም ቢሆን፣ አይዋስም።